ስታርች ሰባሪው የት ነው የሚኖረው?

ነቀምቴ ውስጥ በአንድ የዕፅዋት ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ኃላፊያችን ዶክተር ዲንሳ በረዶ ላይ የተቀመጠ ሙቀጫና አንድ እፍኝ የአተር ቅጠል ሰጡኝ። እኔም እንደ ቤቴ ደቁሼ ደቁሼ ልም አደረግሁት። አይተው ሳቁ።

«አስናቀች፣ ይሄ በርበሬ አይደለም እኮ! ሕዋሱ እንዲከፈት ነው የምንፈልገው። ውስጡ ያሉት አረንጓዴ ከረጢቶች ግን ደህና መውጣት አለባቸው።»

ከረጢቶቹ ክሎሮፕላስት ይባላሉ። ቅጠሉ ቀን ቀን ስታርች ሠርቶ የሚያከማቸው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሲመሽ ያንኑ እየሰበረ ይመገበዋል። የኛ ሥራ ስታርች ሠሪውና ሰባሪው ኢንዛይም የት የት እንደሚቀመጡ መለየት ነበር። ቅጠሉን በቀዝቃዛ ፈሳሽ በስሱ እንፈጫለን፣ በጨርቅ እናጠልላለን፣ ሴንትሪፊዩጅ ላይ እናሽከረክራለን። ከረጢቶቹ ይዘቅጣሉ፤ የቀረው የሕዋሱ ጭማቂ ከላይ ይቀራል። ከዚያ ሁለቱንም መመርመር ነው። ሰባሪውን ለማግኘት ስታርችና አዮዲን ይበቃል፤ ሰማያዊው ቀለም ከደበዘዘ፣ ሰባሪው አለ።

በእጄ ካለፉት ተማሪዎች የማልረሳት ሌሊሴን ነው። አርጆ የባዮሎጂ መምህርት ነበረች፤ ለማስተርስ መጥታ ነው ያገኘኋት። ትምህርት ቤት ሲከፈት የግዷን መመለስ ነበረባት።

ሥራዋ አልሆን አላት። ሠሪው ኢንዛይም ከክሎሮፕላስት እንደማይወጣ የታወቀ ነው። በሷ ምርመራ ግን ሁልጊዜ ከላይ፣ ጭማቂው ውስጥ ይገኛል። ከረጢቶቹ ፈንድተዋል ማለት ነው። እነሱ ከፈነዱ ደግሞ ስለ ሰባሪው ምንም መናገር አይቻልም። አፈጫጨታችንን አለሳለስን፤ በረዶ ጨመርን፤ ያው ነው።

አንድ ቀን አባቷ ኦቦ ዋቅጅራ የተቀቀለ አንጮቴ ይዘውላት ከአርጆ መጡ። ዓይኗ ቀልቶ አገኟት።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ማን ነካሽ?»

«ማንም አልነካኝም አባ። ክሎሮፕላስቱ እየፈነዳብኝ ነው።»

ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩ። «አዴ አስናቀች፣ ለሕይወቷ ያሰጋታል?»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እሷም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጣ ታስረዳቸው ጀመር።

«ቅጠሉ ውስጥ ያለ ከረጢት ነው አባ። ፀሐይ ሲመታው ውሎ ስታርች ይሞላል፤ ሲነጋ ባዶ ይሆናል...» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። «አዴ፣ ቅጠሉን የምንቆርጠው መቼ ነው?»

«ከሰዓት ነዋ። መብራት የሚመጣው ያኔ ነው።»

«ጢም ብሎ ሞልቶ እኮ ነው የምንቆርጠው! ሲሽከረከር ስታርቹ እንደ ጠጠር ሆኖ ከረጢቱን ይቀደዋል!»

ከሰፈሬ ባለሱቅ ካርቶን ለምኜ መጣሁ፤ አተሩ በጨለማ ስታርቹን እንዲጨርስ ከዋዜማው ጀምረን ሸፈንነው። በማግስቱ መብራት ሲመጣ ፈጨን፣ አሽከረከርን። ሠሪው ኢንዛይም ከታች፣ ከረጢቶቹ ጋር ተገኘ። ሌሊሴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ሰባሪው አስገረመን። አብዛኛው ከላይ፣ ስታርች ጨርሶ በሌለበት ጭማቂ ውስጥ ነው። ጥቂቱ ግን ከታች ቀርቷል።

«ከውጭ ተለጥፎ ቢሆንስ? እጠቢው» አሏት ዶክተር ዲንሳ።

አጠበችው። ደግማ አጠበችው። አልለቀቀም።

«ውስጥ ነው የሚኖረው» አለች ቀስ ብላ።

«በይ ጻፊው።»

እኔ ግን አላስችል አለኝ። «ዶክተር፣ ስታርቹን የሚሰብረው ይሄ ጥቂቱ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ሰባሪ ስታርች በሌለበት ምን ይሠራል?»

«አላውቅም አስኑ» አሉኝ፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ። ባለማወቁ እንደዚያ የሚደሰት አለቃ ሌላ አልገጠመኝም።

ሌሊሴ የመመረቂያ ጽሑፏን በሚገባ ተከላክላ፣ ትምህርት ሳይከፈት አርጆ ገባች። እኔም ጊዜዬ ደርሶ ጡረታ ወጣሁ።

ለተተኪዎቼ የምለው ይህን ነው፤ ምርመራ እምቢ ሲላችሁ እጃችሁን ብቻ አትውቀሱ። ቅጠሉ መቼ እንደተቆረጠም ጠይቁ።