ኳሷን ማን ያምጣት?

ስድስት የሚኒሶታ በጋ ለኤደን ፕሬሪው መጋዘናችን የቤዝቦል ቡድን ሦስተኛ ቤዝ ላይ፣ ማለት በሜዳው ሦስተኛ ማዕዘን፣ ተጫውቻለሁ። እንደ እኔ ኳስ የሚደቃ በዚያ መጋዘን አልነበረም፤ አሁንም የለም። ትዕቢት ነው ካላችሁኝ ይሁን። አሥራ አንድ ዓመት ካርቶን ሲያነሳ የኖረ ክንድ ዱላ ሲሰጡት ምን ያድርግ? ሦስተኛ ቤዝ ላይ ያቆሙኝ ግን ለችሎታዬ ብለው አይደለም። ኃይለኛ ኳስ ሁሉ ወደዚያ ስለሚመጣ ማንም አልፈለገውም። ሂጃቤ ላይ ኮፍያ ደፍቼ ቆምኩ፤ በዚያው ቀረሁ።

ከድሉ በፊት ቅሌቱን ልናገር። ደሴ ሳድግ የሰፈራችን የኳስ ሕግ አንድ ነበር፤ ኳሷን ከአጥር ያወጣ ራሱ ያመጣታል። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የጎረቤታችን ክፉ ውሻ አለ። ኳስ አጥር ባለፈች ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር።

ቤዝቦል የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ከአጥር ላወጣ ይጨበጨብለታል፤ አራቱን ቤዝ ዞሮ ሲገባ ነጥብ ያገኛል፤ ለኳሷ የሚጨነቅ የለም። አላወቅሁም አልልም፣ ሁለት ጊዜ አስረድተውኛል። ግን በመጀመሪያው ዓመት ከቢሮ ሠራተኞች ጋር ስንጋጠም፣ እኩል ለእኩል ሆነን ሊያበቃ ሲል፣ ኳሷን መታኋትና ከአጥሩ በላይ አለፈች። ዱላዬን ጥዬ ሮጥኩ፤ ወደ ቤዙ ሳይሆን ወደ አጥሩ፣ ኳሷን ላመጣ! ዳኛው «አውት!» አለ፤ ከጨዋታ ወጣሽ ማለቱ ነው። ነጥቡ ቀረ፤ ተሸነፍን። ልጄ ከተመልካቹ መሃል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ዓመቱን ሙሉ፣ ካርቶን በወደቀ ቁጥር አለቃዬ «ጎ ጌት ኢት!» ይለኛል፤ ሂጂና አምጪው ማለቱ ነው። የቢሮዎቹ ኳስ ወርዋሪ እሱ ነበር። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም ጥርሴን አሳያለሁ፤ ሆዴ ግን ያርር ነበር። እሱ የወረወራትን አንዲት ኳስ ከአጥር አሳልፌ፣ ዞሬ መግባት ብቻ ነበር ምኞቴ።

ባመቱ ያው እኩል ለእኩል ሆነን ተራዬ ደረሰ። አለቃዬ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ገና የቤታችን በዓል ባይሆንም ብሂሉ የወሎ ሁሉ ነው፦ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። «ቢስሚላህ» ብዬ መታኋት። አጥሩን ስታልፍ እግሬ እንደገና ወደዚያው ዞረ! ልጄ ከመቀመጫዋ ዘልላ «ማማ፣ ኖ! ጀስት ራን!» ብላ፣ ዝም ብዬ እንድሮጥ ጮኸችብኝ። ሮጥኩ። አንደኛውን አለፍኩ፣ ሁለተኛውን አለፍኩ፣ የራሴን ሦስተኛ ቤዝ ስረግጥ እልልታዬን አቀለጥኩት። ስገባ የመጋዘኑ ሰው ሁሉ ላዬ ላይ ተከመረ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ኳስ ከአጥር አሳልፌያለሁ። አሁን ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎ አቁሜያለሁ። ልጄ በትምህርት ቤቷ ቡድን ሦስተኛ ቤዝ ትጫወታለች፤ ከማን እንደወረሰችው ራሷ ትናገር።

የዚያን ቀን ማብቂያ ግን መቼም አልረሳውም። አለቃዬ ሊጨብጠኝ መጣ። ጨበጥኩትና አጥሩን በጣቴ አሳየሁት።

«ጎ ጌት ኢት» አልኩት።

 ከት ብሎ ሳቀና አጥሩን ተንጠላጥሎ ተሻገረ። ቆሜ ጠበቅሁት። ኳሷን ይዞ መጣ፤ በሁለት እጄ ተቀበልኩት።