ከለቡ የመጣው ሰንጠረዥ

ባለፈው ሳምንት ጎፋ ባለው ሱቄ ኮምፒውተሩን ስከፍት፣ የሽያጭ ፕሮግራሙ ሥራውን ትቶ «የዚህ ክፍል ፈቃድ አልተገኘም» የሚል ሣጥን ደቀነብኝ። ሴራሚክ ሊገዙ የመጡ ባልና ሚስት ቆመው ይጠብቃሉ። ባልየው «ኔትወርክ ነው?» አለኝ። እኛ አገር ያልታወቀ በሽታ ሁሉ ስሙ ኔትወርክ ነው። እኔን ግን ሣቅ ያዘኝ። ያንን ሣጥን ከሃያ ዓመት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በእሱ የተነሣ እናቴን መካኒሳ አቦ በእድር ፊት ላዋርዳት ነበር።

በዚያ ክረምት የእድራችን ቤት ጣራ አፈሰሰና የአባላቱ መዝገብ በሰበሰ። የማን አባት፣ የማን አማት እንደተመዘገበ የሚናገሩት ገጾች እንደ እርጥብ ቂጣ ተጣበቁ። ዳኛው ጋሽ ታደሰ በስብሰባ ላይ ሲጨነቁ እናቴ ብድግ ብላ፣ «የእኔ ልጅ ኮምፒውተር ተምሯል፤ እሱ ይሠራዋል» አለች። የተማርኩት ሦስት ወር ነው። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤቴ ካልሲ የምሸጥበት መንገድ ነበር። እናቴ በሰው ፊት ቃል የማታወጣ ሴት ነበረች፤ አንዴ ካወጣችው ደግሞ መልሳ የምትከትበት ኪስ አልነበራትም።

ሥራውን ብቻዬን አልሠራሁትም። አብራኝ የተማረች አስቴር የምትባል ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ ከወላይታ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው፤ እሷ ለቡ በአጎቷ ብሎኬት ማምረቻ ቢሮ ትሠራለች። የፕሮግራም መጻፊያው፣ አብሮት ከሚመጣው ዝግጁ ሰንጠረዥ ጋር፣ በወጉ ተገዝቶ የተጫነው በዚያ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ነው። እኔ የስም መመዝገቢያውን ገጽ ሠራሁ። ከባዱን፣ የእያንዳንዱን አባል ቤተሰብ የሚዘረዝረውን ሰንጠረዥ፣ በዚያ ዝግጁው ላይ ተነሥታ እሷ ሠራችው። ሰው «ማን ሠራው?» ሲለኝ ግን አፌ ቀድሞኝ «እኔ» ይላል።

ይህችን «እኔ» እውነት ለማድረግ ነው መሰለኝ፣ አንድ ቀን አስቴር ወጣ ስትል ሁሉንም በሦስት ፍሎፒ ዲስክ ገልብጬ ይዤ ሄድኩ። የቀረውን እድር ቤት ሆኜ ብቻዬን ልጨርሰው። ከመንገድ የተማርኩት፣ ዕቃ ከተሸከምከው ያንተ እንደሆነ ነው።

ሐሙስ ዕለት በእድሩ ኮምፒውተር ላይ፣ የለበሰውን ዳንቴል ገልጬ፣ ሥራውን ከፈትኩት። ሣጥኑ መጣ፦ ፈቃድ የለም። ድጋሚ ገለበጥኩ፤ እንቢ። የሰንጠረዡን ፋይል ለብቻው አምጥቼ ጫንኩት፤ እንቢ። አጥፍቼ አበራሁ። የሰፈሩን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራሁት፤ ሣጥኑን በጨረፍታ አየና «ፎርማት ይደረግ» አለ። የጥርስ ሕመም ቢነግሩትም መልሱ ይኸው ነው። ስብሰባው እሁድ ነው። እናቴ ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች።

ዓርብ ጠዋት ለቡ ሄድኩ። ነሐሴ ነው፤ ከሚኒባሱ ስወርድ ጭቃው አንዱን ጫማዬን ያዝ አድርጎ አስቀረው። መንገድ ዳር ሁለት የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁ፤ ባዶ እጅ ይቅርታ አይጠየቅም።

አስቴር ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል፣ «ሰንጠረዡ እንቢ አለህ አይደል?» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሦስት ፍሎፒ ጎድሎኛል።»

«ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት እኮ!»

«መቶ ጊዜ ገልብጠው። የወሰድከው ፋይሉን ነው። ፈቃዱ ሲጫን እዚሁ ማሽን ውስጥ ነው የተጻፈው። እዚህ ሠርተን፣ ጨርሰን ራሱን የቻለ ፕሮግራም አድርገን ከጠቀለልነው ፈቃዱን ይዞ ይወጣል፤ የትም ይከፈታል። በጥሬው ግን አይሄድልህም።»

«ታዲያ እንጨርሰዋ።»

«ለእድሩ ማን ሠራው አልካቸው?»

በቆሎውን ዘረጋሁላት። «የጾም ነው» አልኩ።

«እኔ ፍልሰታን አልጾምም። አንተ ግን ስትጾም ከውሸትም ጹም» አለችና በቆሎዋን ተቀበለች።

ከሰዓት በኋላ ጨረስን። አንድ ፍሎፒ ሰጠችኝ፤ ላዩ ላይ «የእድር መዝገብ፣ የሠራው፦» ብላ ጽፋ የቀረውን ባዶ ትታዋለች።

እሁድ ጋሽ ታደሰ የአማታቸውን ስም ፈልግልኝ አሉ። ነካሁት፤ ሰንጠረዡ ከነቤተሰባቸው ዘርግፎ አወጣላቸው። ቤቱ በእልልታ ሞላ፤ እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ጎበዝ! ብቻህን ነው የሠራኸው?» አሉኝ። የእናቴን ፊት አየሁ። እንዲህ በርቶ አይቼው አላውቅም፤ የሚያጠፋው እኔ ነኝ። ኪሴ ውስጥ ያለው ፍሎፒ ከበደኝ።

«አይደለም፣ ጋሼ። ከባዱን የሠራችው አስቴር የምትባል ልጅ ናት» አልኩና እንዴት ይዤባት እንደሄድኩ፣ እንዴት እንቢ እንዳለኝ ተናገርኩ።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። «እና ያለ መሸኛ ነው ያመጣኸው! ሰው እንኳ ከቀበሌ ቀበሌ ሲዛወር መሸኛ ያወጣል።» ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። እናቴ አልሣቀችም። ቀድማኝ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ነጠላዋን እያጠፈች፣ «ፍልሰታ ሲፈታ ዶሮ እሠራለሁ። ልጅቷን ይዘሃት ና» አለችኝ።

አምና እናቴ ስታርፍ፣ የእድሩ ጸሐፊ ስሟን ሲነካው ያ ሰንጠረዥ ከነልጆቿ አወጣት። ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ ከለቡ ቀድማ የደረሰችው አስቴር ነበረች። ከዘመድ ተራ ተቀመጠች፤ ማንም ተነሺ አላላትም።

ባለፈው ሳምንትም ለባልና ሚስቱ ደረሰኝ በእጄ ጽፌ ሸኘኋቸውና ለአስቴር ደወልኩላት። «አስቱ፣ ፈቃድ የለም ይለኛል።»

«ደግሞ የማንን ወሰድክ?»

«ገዝቼ ነው! በደረሰኝ!»

«የተጫነው በዚሁ በምትሠራበት ኮምፒውተር ላይ ነው?»

ዞር ብዬ ጓዳውን አየሁ። ኮምፒውተሩ አዲስ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከአሮጌው ሁሉንም ገልብጬ አሮጌውን ጓዳ አስገብቼው ነበር። ሰው በሃያ ዓመት ሱቅ ይከፍታል፣ ሸበት ያወጣል፤ እጁ ግን የለመደውን አይተውም።

«አትነካካው፣ እመጣለሁ» አለችኝ። «በቆሎ ገዝተህ ጠብቀኝ።»