የወንድሜ ማስታወቂያ

ሚዛን ተፈሪ ላይ ድረ ገጽ አለኝ ስል ሰዎች ይስቁብኝ ነበር። አይፈረድባቸውም፤ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና በየሰዓቱ የሚጠፋ ኔትወርክ ይዞ "አለኝ" ማለት ድፍረት ነው። ቢሆንም ይነበባል። የሥራ ማስታወቂያ፣ የሚከራይ ቤት፣ የቡና ዋጋና የሐዘን ማስታወቂያ አወጣበታለሁ። ከሁሉም የሚነበበው የሐዘኑ ነው። የሟቹን ጉርድ ፎቶ በጥቁር ክፈፍ አድርጌ አወጣዋለሁ፤ ከቴፒ እስከ ጌጫ ያለ ሰው ማን እንደሞተ ከእኔ ያያል።

የንግድ ማስታወቂያዎቹን ግን ማንም ልብ አይላቸውም ነበር። ሁሉም በሰማያዊ ሣጥን ውስጥ ስለነበሩ ዓይን ለምዷቸው ያልፋቸዋል። እናም አንድ ሰሞን ቀለም መምረጥ ሥራዬ ሆነ። ቀዩ የአደጋ ማስጠንቀቂያ መሰለብኝ። ቢጫው ዓይን ይወጋል። አረንጓዴው ብቻውን ቶሎ ይሰለቻል። በመጨረሻ አንዱን መምረጥ ቢያቅተኝ፣ ገጹ በተከፈተ ቁጥር የሣጥኑ ቀለም በተራ እንዲቀያየር አደረግሁት። አራተኛው ቀለም ጥቁር ነበር። ለምን ጥቁር? ነጭ ገጽ ላይ ስላማረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ታላቅ ወንድሜ አናጢ ነው። አልጋና ቁም ሣጥንህን ላስተዋውቅልህ፣ ፎቶ ላክልኝ ብዬ ብጠይቀው የራሱን ጉርድ ፎቶ ላከልኝ። ከረባት አድርጎ፣ እንደ ባለሥልጣን ኮስተር ብሎ።

"አልጋውማ የት ነው?" አልኩት።

"አልጋ ሁሉም ይሠራል። ሰው የሚያምነው ፊት ነው" አለኝ።

ቀለድኩበትና አወጣሁለት።

ከሁለት ቀን በኋላ ወንድሜ ሥራ ቦታ አብረን ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ከጌጫ ተደወለልኝ። እናታችን የምትኖረው እዚያ ነው። የደወለው ጎረቤታችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጌታ ያጽናህ። እናትህን ይዘዋት ወጥተዋል፤ እኛም እንድንደርስ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ።

"የማን ቀብር?"

"የወንድምህ ነዋ! አንተው በጥቁር ክፈፍ አውጥተኸው የለም?" አለኝ። ኔትወርኩ ሲደክም ፎቶውና ጥቁሩ ክፈፍ ቀድመው ወጥተው፣ ስለ አልጋው የጻፍኩት ሳይመጣ ቀርቷል። አንዱ ያየውን ለሌላው አሳይቶ፣ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ወንድሜ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ዕድሜዬን አረዘምክልኝ" አለ። ሳቁ የቆመው እማዬ ጋ ሲደውል ነው። ስልኳ ዝግ ነበር።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ወደ ለቅሶ ቤት ደውሎ "እውነት ነው ወይ?" ማለትም ነውር ነው። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ እናት ድንገት እንዳትሰማ ስልኳን በዘዴ ወስደው ያጠፉታል። ከዚያ "ልጅሽን ትንሽ አሞታል፣ እንውሰድሽ" ይሏታል። አብረዋት የሚሄዱትም፣ የሚደውል ሰው እንዳያፈነዳው የየራሳቸውን ይዘጋሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ስለሚሳሱላት ነው። ነገር ግን "ትንሽ አሞታል" የተባለች እናት ምን እንደተባለች ታውቃለች። እማዬ ደግሞ ደም ግፊት አለባት።

መኪና ተኮናትረን በቴፒ በኩል ወጣን። ጥቁሩን ቀለም እዚያው መኪና ውስጥ ሆኜ በስልኬ አጠፋሁት። ወንድሜ የእማዬን ስልክ ደጋግሞ ይሞክር ነበር።

ቴፒን አልፈን ብዙም ሳንሄድ መንገድ ዳር የቆመ ሚኒባስ አገኘን። ከእማዬ ጋር የመጡት ሴቶች ወንድሜን ሲያዩ ጮኹ፤ አንዷ መሬት ላይ ተቀመጠች። እማዬ ወንበሩ ላይ ተጋድማ፣ አፏ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ነበር። ወንድሜ ተንበርክኮ "እማዬ፣ እኔ ነኝ። አለሁ። ደህና ነኝ እኮ!" አላት፣ ደጋግሞ። አየችው፤ ዓይኗ ግን አላረፈበትም።

አልሞተችም። አሁን ሚዛን፣ ወንድሜ ቤት ናት። ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ ንግግሯ ቀስ እያለ ተመልሷል። እኔን ታውቀኛለች። በስሜ ትጠራኛለች፣ እጄን ይዛ "ወንድምህ ቢኖር ኖሮ" ትለኛለች። እሱን ግን አታውቀውም። ፎቶውን አሳየናት፣ የልጅነቱን ጠባሳ አሳየናት፤ ለቅሶዋን ቀሰቀስንባት እንጂ ሌላ አላተረፍንም። ሐኪሙ ታገሱ ብሎናል። ወንድሜ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው እሁድ አጥሚት በማንኪያ ሲያጠጣት እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ጨረሰችና አገጯን ጠረገላት። ረጅም ጊዜ አየችው።

"አንተ ልጅ፣ ጥሩ ሰው ነህ" አለችው። "ጌታ ለእናትህ ያኑርህ።"

"አሜን" አለ ወንድሜ።