በክዳኑ ውስጥ የተጻፈው

የሰፈሩ ሰው «ሐኪሙ» የሚላቸው ሰውዬ በሕይወታቸው አንድም በሽተኛ አክመው አያውቁም። የሚያክሙት ሬዲዮ፣ ቴፕና አምፕሊፋየር ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ማንኛውንም ዕቃ ከመፍታታቸው በፊት አብርተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው ስለሚያዳምጡ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር በተሸጎጠች ክፍል ውስጥ እንዲህ ሲያዳምጡ ኖረዋል። ክፍሏ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ትንፋሹን ውጭ አስቀምጦ መግባት አለበት።

አንድ ልማድ አላቸው። የከፈቱትን ዕቃ መልሰው ከመግጠማቸው በፊት፣ ቀኑንና የሠሩትን ሥራ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። ሌላ ባለሙያ የነካካው ዕቃ ሲመጣላቸው ደማቸው ይፈላል። «ሰውዬው ምን እንዳደረገ በምን ልወቅ? ልጠንቁል እንዴ?» ይላሉ። እሳቸው የሠሩትን የሚከፍት ሰው ግን ጠንቋይ አያስፈልገውም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ጎኑ እንጨት ፊቱ ብረት የሆነ የድሮ አምፕሊፋየር ታቅፋ እያለከለከች ገባች።

«ጋሼ፣ ይኸው» አለች ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈችው።

«ምን ሆነ?»

ፊታቸውን ትኩር ብላ አየችው። «ሲበራ ይጮኻል። መጀመሪያ ድው ይላል፣ ከዚያ ይንኮሻኮሻል። የአባቴ ነበር። እናቴ አልጋ ላይ ናት፣ ሙዚቃ ካልሰማች ቀኑ አይመሽላትም። ግን ድው ባለ ቁጥር ልቧ ቀጥ ይላል።»

«ይሄን ዕቃ ገና ዛሬ ማየቴ ነው፤ የሱን ብጤ ግን ስንቱን አሳልፌዋለሁ! ከሰዓት ብቅ በይ።»

ልብስ ሰፊዋ ክዳኑን በጣቷ ነካ አደረገችው። «እሺ ጋሼ» ብላ ወጣች።

ሐኪሙ ሁለት ስፒከር አገናኙና ዓይናቸውን ጨፍነው ማብሪያውን ተጫኑ። ድው! ጠረጴዛው ላይ ያለው የብሎን ሣጥን ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ከግራው ስፒከር አንድ ሰው ደረቅ ቅጠል እየረገጠ የሚመጣ መሰለ። ቀስ እያለ፣ እየቀረበ መጣ። ከዚያ ቆመ፤ የሚራመደውም ሰው ቆሞ እሳቸውን የሚያዳምጥ ይመስል። ሐኪሙ ስንት ዓይነት ኩሽኩሽታ የሰሙ ሰው ናቸው፤ የዛሬው ግን ደስ አላላቸውም። አጥፍተው ካቻቢቴ አነሡ።

ብሎኖቹን ፈትተው ክዳኑን ሲገለብጡት የእርሳስ ጽሕፈት አዩ። ሦስት መስመር ነው፤ ቀኖቹ ሁሉ ባለፉት ሁለት ወራት ውስጥ ናቸው።

«ማብሪያው ተጸዳ። ድው ማለቱ አልቀረም።»

«የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮች ተቀየሩ። ድው ማለቱ ቀነሰ።»

«የግራ መግቢያ ካፓሲተር ተቀየረ። አሁን ደግሞ ይንኮሻኮሻል። ለምን?»

ጽሕፈቱ የራሳቸው ነው። «ቀ»ን አንገቷን ሰበር አድርገው የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፤ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪያቸው በዚህች ፊደል የተነሣ ጆሯቸውን ስንቴ ቆንጥጠዋቸዋል። መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና አነበቡ። አልተለወጠም።

የመጣላቸው የመጀመሪያ ሐሳብ ሰው ገብቷል የሚል ነበር። እሳቸው በሌሉበት ወንበራቸው ላይ ተቀምጦ፣ በመበየጃቸው ሠርቶ፣ እጅ ጽሕፈታቸውን አስመስሎ የሚሄድ ሰው። ተነሥተው የበሩን ቁልፍ መረመሩ። ጭረት እንኳ የለውም። አንደኛው መክፈቻ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ሌላው ቤት፣ ባለቤታቸው ዘንድ። ተመልሰው የአምፕሊፋየሩን ቦርድ አገላበጡና ብየዳውን አዩት። ሐኪሙ የካፓሲተርን፣ የዚያችን ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ፣ የሽቦ እግር ከመበየዳቸው በፊት ሁለት ጊዜ ያጥፉታል፤ በከተማው ውስጥ እንዲህ የሚደክም ሌላ ባለሙያ የለም። ሁሉም ሁለት ጊዜ ታጥፏል።

ክዳኑን ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ጥጉ ላይ አራተኛ መስመር ታያቸው፤ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ።

«ሴትየዋን አታስታውሳትም። እንዳታሳውቃት።»

ፈሩ። በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛው ከራሳቸው በላይ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ እየሰሙ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ፈሩ። ጨርሶ የማያስታውሷቸውን ሦስት ቀናት ሊያስታውሱ ታገሉ። የሴትየዋን ፊት፣ የዕቃውን ክብደት፣ የእርሳሱን ጫፍ ፈለጉ። ምንም የለም። ይህን መስመር የጻፈው ሰው መርሳቱን ያውቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ማወቃቸውንም ረስተውታል።

ሥራ የለመደ እጅ መቼም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ማብሪያውን አልነኩትም፤ ያ ሰው አጽድቶታል። ማጣሪያውንም አለፉት። አይተውት ከማያውቁት ባልደረባ ጋር ተራ ገብተው የሚሠሩ መሰላቸው፤ ባልደረባውም ጠንቃቃ ሰው ነው። በቀጥታ ወደ ግራው መግቢያ ሄደው አዲሱን ካፓሲተር በመብራት አዩት። ፕላሱ በማይነስ ቦታ ገብቷል። ተገልብጧል!

ሰው ይረሳል፤ ስም ይረሳል፣ ፊት ይረሳል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ካፓሲተር ያልገለበጠ እጅ ግን ምን ነካው? ነቅለው ሌላ አስገቡ። ፕላሱን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ አረጋገጡ። አበሩት። የማብሪያው ጠቅታ ብቻ ተሰማ። ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው ረጅም ጊዜ ጠበቁ፤ የሚራመድ የለም። ሌላ ቀን ቢሆን ያፏጩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ራሷ አበራችውና ድው እስኪል ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀች። ዝም አለ።

«ጋሼ! ጠፋ እኮ!»

ሐኪሙ ክዳኑን አዩ፣ እሷን አዩ። የጥጉን መስመር ሊታዘዙት አልቻሉም።

«ልጄ፣ አልዋሽሽም። ሦስት ጊዜ መጥተሽ ነበር አይደል? አንዱንም አላስታውስም። እንዲንኮሻኮሽ ያደረግኩትም እኔው ነኝ፤ ገልብጬ ገጥሜልሽ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ አልደነገጠችም። እሳቸውን ያስደነገጣቸውም ይኸው ነው።

«ነግረውኛል ጋሼ» አለች ቀስ ብላ።

«መቼ?»

«ባለፈው። ከዚያ በፊትም።»

«ታዲያ እንዲህ ወዳለ ሰው ዕቃሽን ለምን ትመልሻለሽ?»

«ሌላ ሰው ጋ ብወስደው ከዜሮ ነው የሚጀምረው። እርስዎ ይጽፋሉ።»

ሐኪሙ እርሳሳቸውን በጣቶቻቸው መካከል አሽከረከሩ። «ከነገርኩሽ በኋላ ምን አደርጋለሁ?»

«ለባለቤቴ እነግራታለሁ ይላሉ።»

«ነገርኳት?»

ልብስ ሰፊዋ የአምፕሊፋየሩን ገመድ መጠቅለል ጀመረች። በጣም ተጠንቅቃ ጠቀለለችው። ሐኪሙ ይህን «አልነገሯትም» ማለቷ ነው ብለው ተረጎሙት።

«እንግዲያው አሁኑኑ ነው። ቤቴ ከዚህ ሦስት መታጠፊያ ነው። አብረሽኝ ሂጂ፤ መንገድ ላይ ከጠፋብኝ አንቺ ታስታውሽኛለሽ።»

አምፕሊፋየሩን ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ ክፍሏን ቆልፈው ወጡ። ሐኪሙ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የሚናገሩትን ያጠናሉ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ በደህና አለፉ። ሁለተኛው ላይ አንድ ብስክሌት ደወል እየደወለ አጠገባቸው አለፈና ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ዕቃሽ ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ለባለቤትዎ የሚነግሩት ነገር አለ፣ ጋሼ።»

«አዎ። አዎ፣ አለ።» እጇን ያዙ።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቀድማቸው ወደ ቀኝ ታጠፈች። በየት በኩል እንደሆነ አልነገሯትም ነበር። አረንጓዴውን በር ያንኳኳችውም እሷ ናት።

ባለቤታቸው ከፈቱ። መጀመሪያ ባላቸውን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩ፤ ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ።

«ግቢ ልጄ። እናትሽ አሁንም ትደነግጣለች?»

ሐኪሙ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። እነዚህን ሁለት ሴቶች እሳቸው አላስተዋወቋቸውም። ወይም አስተዋውቀዋቸዋል። መቃኑን ያዙ። ዝም ብለው ገብተው መቀመጥ ይችሉ ነበር፤ ማንም ምንም አይላቸውም።

«የምነግርሽ ነገር አለ» አሉ።

ባለቤታቸው ወንበር ስበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?» አሉ፣ አንድም ቀን ሰምተውት እንደማያውቁ ሁሉ። «ንገረኝ።»