ጉሮሮዬን የገሠጽኩ ጊዜ

ጌታ ይባረክ! ኧረ ሞቅ አድርጋችሁ መልሱልኝ፣ ጌታ ይባረክ! አሜን። ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ወደ ቤቴ ብመለስ ምሳ አይወርድልኝም፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። ወንድሜ፣ ማይኩን ወደ አፌ ጠጋ አድርግልኝ። አዎ፣ ሳቁ! የምትስቁት የድሮውን የምታውቁ ናችሁ። ድሮ እኔ ስነሣ ማይኩን ነበር የምታርቁት። «አበበች ያለ ማይክም ጅማን ታዳርሳለች» ትሉኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ደስታዬ ነው።

ለእንግዶች ልንገራችሁ። ያደግኩት ሸቤ ነው፤ አሁን የምኖረው እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ነው። ባለቤቴ ታደለ ልብስ ሰፊ ነው፣ እኔ ገበያው ዳር በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። በመዘምራን ውስጥ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሰው ሲመሰክር «ጌታን ሳላውቅ፣ በዓለም ሳለሁ» ይላል። እኔ በዓለም አልነበርኩም። የዘማሪ ልብስ ለብሼ፣ እዚህ መድረክ ላይ፣ ፊት ለፊታችሁ ቆሜ ነው የጠፋሁት። ጌታ ይቅር ብሎኛል፤ እናንተም ይቅር በሉኝ።

ጥፋቴ ምን ነበር? መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ድምፁ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ አለ አይደል? እሱን ለማንም አልሰጥም ነበር። እህታችን ብርቱካን ያውና እዚያ ተቀምጣለች። ድምፅዋ ንጹሕ ነው፣ ስለ ድምፅ አያያዝ ስልጠናም ወስዳለች። የመዘምራን መሪያችን «እስቲ ይህቺን ብርቱካን ትሞክራት» ሲል ፊቴ ይጠቁራል። «ለሁላችንም እንዲመች ቶኑን ትንሽ ዝቅ እናድርገው» ሲል ደግሞ «እኔ ዝቅ አልልም!» እለው ነበር። ምን ዓይነት አፍ ነው በሉኝ!

ታዲያ አጋሮ ላይ በሚደረግ ጉባኤ ተጋበዝንና ዋናውን መዝሙር እንድመራ እኔ ተመደብኩ። ቅባት ይብዛልኝ ብዬ ሦስት ቀን ደረቅ ጾም ያዝኩ፤ ውኃ እንኳ በአፌ አልዞረም። ጾም መልካም ነው፣ በጾም ላይ አልናገርም። እኔ ግን ጠዋት ማታ በጩኸት እጸልያለሁ፣ ቀን የበርበሬ ብናኝ እየማግሁ እነግዳለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ የመኪናውን መስኮት ከፍቼ እስከ አጋሮ ድረስ በነፋሱ እየዘመርኩ ሄድኩ። መድረክ ላይ ወጣሁ። መጀመሪያው ደህና ነበር። ያቺ ከፍታ ስትደርስ አገጬን ቀና አድርጌ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት። ድምፄ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተቀደደ።

ከኋላዬ ብርቱካን ቀስ አድርጋ ተቀበለችው። እንዴት አድርጋ እንደተቀበለችው! ሕዝቡ መዝሙሩ እንደዚያ መስሎት «ሃሌሉያ» አለ። እሷ ከኃፍረት አዳነችኝ፤ እኔ ግን «ቀማችኝ» ብዬ ስንመለስ አብሬያት አልተቀመጥኩም።

ከዚያ በኋላ ድምፄ ጎርንኖ ቀረ። አንዱ ጥሬ እንቁላል ጠጪ አለኝ፣ ሌላው ዝንጅብል በማር፣ አንዲት እህት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት አኝኪ አለችኝ። ሁሉንም አደረግኩ። ታደለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ጀመረ። ሳይሻለኝ ሲቀር «ይሄማ ጠላት ነው» አልኩና ጉሮሮዬን መገሠጽ ያዝኩ። በሩን ዘግቼ «አንተ የመጎርነን መንፈስ፣ ውጣ! ልቀቅ!» እላለሁ። በገሠጽኩት ቁጥር ይዘጋል፤ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ አስበልጬ እጮኻለሁ። እልኸኛ ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ።

አንድ ቀን በዚሁ ላይ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። አዴ ሐዋ ናቸው፤ ግድግዳ የምንጋራቸው፣ የሄርማታ ነባር ሙስሊም እናት።

«ያ ኢንታላ፣ ማል ታቴ? ምን ሆነሻል ልጄ? ማንን ነው የምትቆጪው? ባልሽ እንደሆነ ሥራ ላይ ነው።»

«ጉሮሮዬን ነው፣ አዴ» አልኳቸው፣ ሲር ሲር በምትል ድምፅ።

«ሱብሃነላህ! የታመመ ጉሮሮ በጩኸት ይድናል? ፈጣሪ ሳትጮሂም ይሰማሻል። ሐኪሙ ግን ካልሄድሽለት አያይሽም። በይ ተነሺ፣ ነጠላሽን ልበሺ።»

ክርክር የለም፤ ባጃጅ አስቁመው ይዘውኝ ሄዱ። ጌታ በማን በኩል እንደሚናገር እሱ ነው የሚያውቀው። ስሙ ይባረክ!

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። በቀጭን ካሜራ ጉሮሮዬን አየና «የድምፅ አውታሮችዎ ላይ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች አሉ» አለኝ። «መጥረቢያ የሚይዝ እጅ መጅ ያወጣ የለ? እንደዚያ ነው።»

«ይድናል?»

«ካረፈ ሊድን ይችላል። እንዲህ ከቀጠሉ ግን መዝሙሩን ይርሱት፤ ማውራቱም ያስቸግርዎታል። ሁለት ሳምንት አንድ ቃል እንዳይናገሩ። ሹክሹክታም ይጎዳል። ውኃ ደጋግመው ይጠጡ፤ ገበያ ላይ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።»

«ጸሎትስ?»

«በልብዎ» አለ።

በልቤ! ይሄ ልጅ እምነት የለውም አልኩ። ግን ፈርቼ ነበር፣ ወገኖቼ። ድምፄ ከሄደ እኔ ማን ነኝ? ዘማሪ ካልሆንኩ ማን ያውቀኛል? ደብተርና እስክሪብቶ ገዝቼ ዝም አልኩ። ደንበኞቼ «አበበች ዲዳ ሆነች» እያሉ በጣት እያሳዩኝ ይገዙ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ምሳ ቀረበ። ታደለ ዝምተኛ ሰው ነው፤ እኔ እያለሁ ተራ ስለማይደርሰው ይመስለኛል። ዓይናችንን ጨፈንንና እሱ ጸለየ። «ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ ማዕድ እናመሰግንሃለን። የአበበችን ጉሮሮ ፈውስልን። ድምፅዋን መልስላት… ግን ቀስ ብለህ።»

ዓይኔን ገለጥኩ። እሱም ገለጠ። ከአፉ እንዳመለጠው ፊቱ ላይ አየሁ። ለዚህ የሚሆን መልስ ነበረኝ! እስከ ማታ የሚበቃ መልስ! ግን ተከልክያለሁ። ደብተሩን አነሣሁ። ሰው ንዴቱን ሲጽፈው ያጥርበታል፤ «ለምን?» ብቻ ብዬ ጻፍኩ።

ደብተሩን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ አነበበው። ኋላ፣ «በዚህ ሳምንት ወደ ቤት ስመጣ ደስ እያለኝ ነው» አለ። «መዝሙርሽን እወደዋለሁ፣ አበበች። ግን መዝሙሩን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተሽ ነው የምትመጪው። እዚህ ለእኔ የሚደርሰኝ ጩኸቱ ነው።»

ወገኖቼ፣ አለቀስኩ። ለልቅሶዬ እንኳ ድምፅ አልነበረውም። ጓዳ ገብቼ የበርበሬው ጆንያ አጠገብ ተንበረከክሁና ያለ ድምፅ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ድምፄን ባትመልስልኝም እኔን መልሰኝ» አልኩት። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያቺን ከፍታ ሳልለምነው የጸለይኩት ያን ቀን ነው። ሰላም ገባኝ! እንዲህ ነው ብዬ ላስረዳችሁ የማልችለው ሰላም። እኔ ጌታን ያገኘሁት ያኔ ነው። ሃሌሉያ በሉልኝ!

ሁለቱ ሳምንት አልቆ ጥቂት ጥቂት እንድናገር ሲፈቀድልኝ የመጀመሪያ ቃሌ «ታደለ፣ ይቅር በለኝ» ነበር። ከዚያ ብርቱካን ቤት ሄድኩ።

«ያን ቀን አጋሮ ላይ የገባሁት ልቀማሽ አልነበረም እኮ» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር» አልኳት። ተቃቅፈን ተላቀስን፤ ከዚያ አስተማሪዬ ሆነች። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስትሮ አስገብታ እያንጎራጎርኩ አረፋ እንዳወጣ አደረገችኝ። ልጆች መኪና ሲነዱ ከንፈራቸውን «ብርርር» ያደርጉ የለ? እሱንም አስለመደችኝ። የአርባ ዓመት ሴት፣ ብርርር እያልኩ ገበያ እወርዳለሁ! አዴ ሐዋ «ደግሞ አሁን መኪና ሆንሽ?» ብለው ሳቁብኝ።

ወደ ከፍታው ስንደርስ እንደ ልማዴ አገጬን አነሣሁ። ብርቱካን በጣቷ ዝቅ አደረገችው። «አትግፊው። ትንፋሹ ከታች ይምጣ፣ ጉሮሮሽን ልቀቂው። በወጣሽ ቁጥር ይቅለልሽ። የልብስ ሰፊ ሚስት አይደለሽ? ክር በመርፌ ቀዳዳ የሚገባው በጉልበት ነው?» አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በጉልበት ሳስገባ ነው የኖርኩት።

ስምንት ወር ፈጀ። የባሌ ጸሎት ቃል በቃል ተመለሰ፤ ቀስ ብሎ! ሐኪሙ በመጨረሻ አየኝና «እብጠቱ የለም» አለ። «ጌታ ፈወሰኝ» አልኩት። «አሜን፤ እርስዎም ዝም ብለው ረዱት» አለኝ። እምነት የለውም ያልኩት ልጅ! ጌታ ይባርከው።

ዛሬ ያቺን ከፍታ ብርቱካን ትዘምራለች፣ እኔ ከሥሯ ሁለተኛውን ድምፅ እይዛለሁ። ባለፈው «ቶኑን ዝቅ እናድርገው» ያልኩት እኔ ነኝ፤ መሪያችን ምን ነክቷት ነው ብሎ አየኝ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እየጮኻችሁ የምትገሠጹት ነገር ካላችሁ፣ በሽታም ይሁን ትዳር፣ እስቲ ዝም ብላችሁ ጌታን እመኑት። ቅርብ ነው፣ ይሰማል። ሐኪም ዘንድም ሂዱ፣ ውኃም ጠጡ!

አንድ ነገር ብዬ ልቀመጥ። ትናንት ጓዳ ሰሃን እያጠብኩ አንጎራጉር ነበር። ታደለ የደንበኛ ሱሪ ቤት አምጥቶ ይተኩሳል። ሳላስበው መዝሙሩ ወደ ላይ ወጣ፤ ያቺ ከፍታ እንደ ትንፋሽ ቀልላ መጣች። ካውያውን ሲያስቀምጥ ሰማሁ። ደነገጥኩ፤ ጮኼ ይሆን እንዴ አልኩና ዝም አልኩ። በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ድገሚው» አለኝ።

ለእሱ ብቻ ደገምኩት። ጌታ ይባረክ።