የሾፌሩ ጉልበትና ሦስተኛው ፍሪሲዮን

ካምቢዮው ከወረደ በኋላ መካኒኩ ቀጥ ብሎ መቆም አቃተውና ጎማውን ተደግፎ ተቀመጠ። በጋራዡ ስሙ «መፍቻ» ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከእጁ አልተለየችም። አሁን ወገቡም እንደ እሷ ዝጓል። ይህች በዳገትና በጭቃ የምትነዳ የመሥሪያ ቤት መኪና በአንድ ዓመት ሦስት ፍሪሲዮን ፈጀች።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እጇን አጣምራ ቆማለች። «ዛሬ ምክንያቱን ንገረኝ። የሾፌሩ ጥፋት ከሆነ ቁልፉን ያስረክባሉ።»

ጎኗ የቆመው ሾፌር የመፍቻ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ቀርቶታል።

የፍሪሲዮን ነገር ቀላልም ድንቅም ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ብረትና የካምቢዮው ዲስክ እንደ ሁለት መዳፍ ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ ይለያያሉ። ሲለቀቅ ግጥም ካላሉ ግን ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ፣ ያርራሉ።

መፍቻ ዲስኩን አሸተተ፤ አርሯል። ዘይት ፈስሶበት ይሆን? በጣቱ ዳሰሰው፤ ደረቅ ነው። ጭቃም አልገባበትም።

«ጋሼ፣ ዳገት ላይ ሲቆሙ በፍሪሲዮን ነው የሚይዟት?»

«በፍሬን ነዋ! መንዳት ያስተማረህ ማን ሆነና?»

«እግርዎን ፔዳሉ ላይ ያሳርፋሉ?»

«ይኼ የሚያመኝ እግር ፔዳል ላይ ቀርቶ የት ያርፋል ብለህ ነው!» አለ ሾፌሩ ግራ ጉልበቱን እያሸ።

መፍቻ እጁ ቆመ። ጉልበቱ!

እየተንፏቀቀ ወደ ፔዳሉ ሄዶ መዳፉን አሳረፈበት። ጤነኛ ፔዳል መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል በባዶው ይወርዳል፤ ይኼ ግን ካምቢዮው ሳይወርድ በፊት ገና ሲነኩት ይይዝ ነበር። አምና ሾፌሩ «እስከ ታች ስረግጥ ጉልበቴ ይጮኻል፣ ቅርብ አድርግልኝ» ሲለው ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ የሚያገናኘውን ሽቦ የወጠረው ራሱ መፍቻ ነው። አዲስ ዲስክ በገባ ቁጥርም «ለጋሼ» እያለ እንደዚያው ወጥሮታል። ፔዳሉ ማንም ሳይረግጠው ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ተረግጦ ከረመ፤ ዲስኩም ግጥም ብሎ አያውቅም።

«እሺ?» አለች ኃላፊዋ።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም።

«እሳቸው የሉበትም። ሦስቱንም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ልኩል ብዬ ዓይን አጠፋሁ» አለና የሽቦውን ነገር አስረዳት።

«ለሠላሳ ዓመት መካኒክ ያሳፍራል።»

«ያሳፍራል።»

«ይህን በራስህ ወጪ ጨርሰው። ከዛሬ ወዲያ መኪኖቻችን ሌላ ጋራዥ ይሄዳሉ።» ቁልፉን ለሾፌሩ ሰጥታ ወጣች።

በማግስቱ መፍቻ አዲሱን ዲስክ አስገባ፤ ፔዳሉ ሁለት ጣት በባዶው እንዲወርድም ሽቦውን አላልቶ ወገቡን ይዞ መሬት ተቀመጠ። ሾፌሩ መኪናዋ ላይ ወጥቶ ፔዳሉን እስከ ታች ረገጠና ፊቱን አጨማደደ።

«አመመዎት?»

«ስምንት ወር ይችላል» አለ ሾፌሩ። «ይልቅ አንተ ከመሬት ተነስ፣ አማች።»