የታደለች ፈረስ

እስካሁን ሳስበው ክው እላለሁ። ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚሁ ሆሳዕና፣ ጎረቤቴ ታደለች በዊልቸሯ ኳስ ሜዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ትሄዳለች፣ ትጠመዘዛለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። ብጠራት በእጇ “ቆይ” ትለኝና መዞሯን ትቀጥላለች። በቃ፣ አንድ ነገር ቢለክፋት ነው ብዬ የጸሎት ቡድናችንን ጠራሁ። ከበብናት፤ እጃችንን ጭነን በሀዲይኛም በአማርኛም ጸለይንላት። ከዚያ “ኧረ ተዉኝ!” እያለች ዊልቸሯን እየገፋን ቤቷ አደረስናት።

በሩ ላይ፣ ጭኗ ላይ የነበረውን ስልክ አንስታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

“ይሄ በሳተላይት እየተከተለኝ የሄድኩበትን ሁሉ ካርታ ላይ ያሰምራል። በዊልቸሬ ሥዕል እየሳልኩ ነበር!”

አየሁት። ሜዳውን የሞላ ፈረስ! ሦስቱ እግሮቹ ያምራሉ። አራተኛው ግን ከሜዳው ወጥቶ፣ እኛ በገፋናት አስፋልት ወርዶ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ታጥፎ፣ የቆምንበት በር ድረስ መጥቷል።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ጀርባዋን አዞረችልን።

“በሉ ግፉ! ሦስቱንም እግሮች እዚህ ድረስ እናመጣቸዋለን። የኔ ፈረስ አያነክስም።”